ፕሮጀክታችንን ወደ ፋውንዴሽን ስናዛውር ከሁሉም የቀለለው ኮዱ ነበር

እኔ የፕሮጀክቱ መስራች አደለሁም፣ ከሜንቴይነሮቹ (ኮዱን ከሚያስተዳድሩትና ከሚጠብቁት ሰዎች) አንዱ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ የምለው ነገሩን ከመሀል ሆኜ ስላየሁት ነው፣ የመስራቹንም የኩባንያውንም የኮንትሪቢውተሩንም (ስራውን የሚያዋጣውን) ብሶት ስሰማ ነው የከረምኩት። ፕሮጀክቱ የሰነድ ፎርማት የሚቀይር ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ላይብረሪ ነው፣ ብዙ አመት የኖረ፣ በሌሎች ሶፍትዌሮች ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የሚሰራ፣ ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ የሚጠቀሙበት አይነት ነገር። አሁን በአንድ ፋውንዴሽን (የእንዲህ አይነት ፕሮጀክቶችን ስም፣ ገንዘብና ህጋዊ ጉዳይ የሚይዝ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) ስር ነው ያለው። እዛ ከመድረሳችን በፊት ግን ለሁለት ሊሰነጠቅ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነበር፣ እናንተም ይሄን እያሰባችሁ ከሆነ እኛን ያደከመን ነገር እንዳያደክማችሁ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

የተጀመረው በሴኪውሪቲ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ክፍተት አግኝቶ በግል ነገረን፣ ማስተካከያውን ጻፍን፣ ቴስቱም አለፈ፣ ሪሊዝ ማድረግ (አዲሱን ቅጂ ለተጠቃሚ ማውጣት) ግን አልቻልንም። ፓኬጁን ፐብሊሽ የማድረግ መብት ያለው መስራቹ ብቻ ነበር፣ የማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው እሱ ስልክ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ በዛ ሰሞን ሀዘን ላይ ነበር። ሀዘን የተቀመጠ ሰው ጋ ደውሎ "እባክህ ኮዷን ላክልኝ" ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ደወልን፣ ላከልን፣ ሪሊዙም ወጣ። ከዛ በኋላ ግን ማናችንም እንደድሮው ዝም ብለን መቀጠል አልቻልንም፣ እሱ ራሱ ነው በኋላ "እኔ አንድ ነገር ብሆን ይሄ ነገር ምን ይሆናል?" ብሎ የጠየቀው።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር መጣ። ከኛ ውስጥ የተወሰኑትን ቀጥሮ በፕሮጀክቱ ላይ እንዲሰሩ የሚከፍል ኩባንያ ነበረ፣ እና እዛ ኩባንያ ውስጥ አለቃ ተቀየረ፣ አዲሱ አለቃ ደግሞ "ይሄ ፕሮጀክት የኛ ነው አደል እንዴ?" ማለት ጀመረ። በህግ ሙሉ በሙሉ የነሱ አልነበረም። ግን የማን እንደሆነ በወረቀት ማሳየት የሚችል ሰው ስላልነበረ የሁሉም ሰው ግምት እኩል ሚዛን ነበረው፣ አስቸጋሪውም እሱ ነው።

እዚጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። "ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ኦፕን ሶርስ ነው፣ ስለዚህ የሁላችንም ነው፣ ምኑን ነው ምናዛውረው?" የሚል ክርክር ሁሌም ይነሳል። ልክ ነው፣ ኮዱን ማንም ፎርክ አርጎ (ገልብጦ የራሱ ፕሮጀክት አድርጎ) ሊሄድ ይችላል። ፎርክ የማይደረገው ሌላው ነገር ነው። ስሙ፣ ዶሜይኑ፣ ሰዎች በየቀኑ ኢንስቶል የሚያደርጉት ፓኬጅ የተያዘበት አካውንት፣ ሪሊዝ የሚፈረምበት ቁልፍ፣ የተዋጣው ገንዘብ፣ ከዛ ደግሞ ስንጨቃጨቅ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሰው። ወደ ፋውንዴሽን ማዛወር ማለት እነዚህን ማዛወር ማለት ነው። ኮዱማ ባንድ ከሰአት ያልቃል።

የሌሎችን ታሪክ ሳነብ ይሄው ነገር እየደጋገመ ነው ያገኘሁት (አመቶቹ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2010 የኦፕንኦፊስ (የቢሮ ሶፍትዌር ነው) ሰዎች ኦራክል ሰን ማይክሮሲስተምስን ከገዛ በኋላ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን አቋቁመው ሲወጡ ኮዱን ይዘው ወጡ፣ ስሙን ግን ይዘው መውጣት ስላልቻሉ ሊብረኦፊስ ተባሉ። በ2011 የሃድሰን (ኮድን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ መሳሪያ ነው) ዴቨሎፐሮችም ከኦራክል ጋር በዛው ስም ጉዳይ ተጣልተው ጄንኪንስ ሆኑ። ጃቫ ኢኢማ (ትልልቅ የድርጅት ሶፍትዌር በጃቫ የሚሰራበት ነው) የባሰ ነው። ኦራክል በ2017 ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለመስጠት ወሰነ፣ የስሙ ነገር ግን ስላልተስማማ ፕሮጀክቱ ጃካርታ ኢኢ ተባለ፣ ከዛም አልፎ "ጃቫክስ" ብለው የሚጀምሩት የፓኬጅ ስሞች በ2020 በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 ላይ በሙሉ ተቀየሩ። በአንድ ስም ምክንያት ስንት ድርጅት ኮዱን ከፍቶ ኢምፖርት ሲቀይር እንደከረመ አስቡት። ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ሰዎቹ ገና እየተዋደዱ ስሙን መጨረስ ነው የሚሻለው።

እሺ፣ ከዛ ፋውንዴሽን መምረጥ መጣ። መጀመሪያ አንዱ "ለምን የራሳችንን አናቋቁምም?" አለ፣ ያው ሁሌም አንድ ሰው ይላል። የራስን ማቋቋም ማለት ቦርድ፣ ሂሳብ፣ የታክስ ወረቀት፣ የባንክ አካውንት፣ ጠበቃ፣ በየአመቱ ሪፖርት ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ኢሹዎቹን (ተጠቃሚ የሚልካቸውን የችግር ሪፖርቶች) እንኳን በጊዜ መመለስ ያቃተን ሰዎች ነን። በጣም ትልቅ ካልሆናችሁ ይሄን አትሞክሩት።

ያሉት ፋውንዴሽኖች ደግሞ ስማቸው አንድ አይነት ይመስላል እንጂ ጸባያቸው ለየቅል ነው። አፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፣ እዛ ስትገቡ አሰራራቸውንም ነው የምትቀበሉት። መጀመሪያ ኢንኩቤተር የሚባለው ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሜንተር ይመደብላችኋል፣ ውሳኔ የሚሰጠው በግልጽ በሚታይ የኢሜይል ዝርዝር ላይ ነው፣ ላይሰንሱም የነሱ አፓቼ 2.0 መሆን አለበት፣ ሰው የሚሳተፈው ደግሞ እንደ ግለሰብ እንጂ እንደ ኩባንያ ተወካይ አደለም። ሊኑክስ ፋውንዴሽን በሌላ በኩል አባሎቹ ኩባንያዎች ናቸው፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በስሩ ብዙ ትናንሽ ፋውንዴሽኖች አሉ፣ ኩበርኔቲስ የሚባለው የክላውድ ሶፍትዌር ያለበት ሲኤንሲኤፍ አንዱ ነው። በአሜሪካ የታክስ ህግም አፓቼ በጎ አድራጎት ነው፣ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ደግሞ የንግድ ማህበር አይነት ነው፣ ይሄ ልዩነት መጀመሪያ ላይ ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ማን ገንዘብ እንደሚሰጣችሁና ሰጪው ምን እንደሚጠብቅ ላይ ይመጣል።

ሶስተኛ አይነትም አለ፣ ለብዙ መካከለኛ ፕሮጀክት የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲና ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት አይነቶቹ። እነዚህ ገንዘባችሁን ይይዙላችኋል፣ ውል ይፈርሙላችኋል፣ ስማችሁን ይጠብቁላችኋል፣ አሰራራችሁን ግን በአብዛኛው ለናንተ ይተዉታል። ጊትና ኢንክስኬፕ ኮንሰርቫንሲ ስር ናቸው፣ ዴቢያን ደግሞ ሌላኛው ስር። ለአገልግሎታቸው ከሚገባው ገንዘብ ይቆርጣሉ፣ ኮንሰርቫንሲ 10 በመቶ፣ ሌላኛው 5 በመቶ። ለሳይንስ ነክ ነገር ደግሞ እነ ነምፓይና ፓንዳስ ያሉበት ነምፎከስ አለ።

እኛ የመረጥነውን ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ስንመርጥ ግን ከሁሉም የጠቀመን ጥያቄ "ስንገባ ምን እናገኛለን" የሚለው አደለም፣ "መውጣት ብንፈልግስ?" የሚለው ነው። ስሙ ተመልሶ ይሰጠናል? ለማን? ገንዘቡስ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ድርጅት ይዛወራል? ይሄን ስትጠይቁ አንዳንዱ ፊቱ ይለዋወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አንቀጹን አውጥቶ ያሳያችኋል። ሁለተኛው አይነት ጋ ሂዱ። ፋውንዴሽን ራሱም ሊዘጋ እንደሚችል አትርሱ፣ በ2024 ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን ሊዘጋ መሆኑን ሲያሳውቅ በስሩ የነበሩት ሁሉ በዛው አመት ሌላ ማረፊያ መፈለግ ነበረባቸው። ሌላው ጥሩ ነገር ደግሞ በቅርብ የገቡ ፕሮጀክቶችን ማናገር ነው፣ የፋውንዴሽኑን ሰዎች አደለም፣ ገብተው ሁለት ሶስት አመት የሆናቸውን ሜንቴይነሮች። ሁሉንም ይነግሯችኋል፣ ሳትጠይቋቸው ሁሉ።

አሁን ከባዱ ክፍል ጋ ደረስን። መስራቹና ኩባንያው መጀመሪያ ለብቻቸው ነው የተነጋገሩት። ክፋት አልነበረውም፣ "ነገሩ ሳይበስል ሰው አናስጨንቅ" ከሚል ነው። ግን አንድ ቀን የፋውንዴሽኑ ማመልከቻ ረቂቅ በስህተት ለሁሉም በሚታይ ፎልደር ውስጥ ተገኘ፣ በውስጡ ደግሞ የመጀመሪያ ኮሚተሮች (ለውጥ የማስገባት መብት ያላቸው) ተብለው የተዘረዘሩ ስሞች አሉ፣ ለአመታት ዶክመንቴሽኑን ብቻዋን ተሸክማ የኖረችው ልጅ ስም ግን የለም። እመኑኝ፣ ከዛ በኋላ ስለ ላይሰንስም ስለ ትሬድማርክም (የተመዘገበ የንግድ ምልክት) ማውራት አልተቻለም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዛ ዝርዝር ብቻ ሆነ፣ ሁለት ሰዎች ፎርክ እናደርጋለን ብለው ስም ሁሉ አወጡ።

ያዳነን ነገር ቀላል ነው፣ ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ። ማመልከቻው ተሰረዘ፣ ባዶ ሰነድ ተከፈተ፣ ማንም ሀሳብ የሚጽፍበት። ለምን እንደምንዛወር፣ ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደማይቀየር፣ ምን ገና እንዳልተወሰነ። በተለይ የመጨረሻዋ፣ "ይሄን ገና አልወሰንንም" ብሎ መጻፍ ሰውን በጣም ነው የሚያረጋጋው። ዝርዝሩም ኮሚት (የገባ የኮድ ለውጥ) በመቁጠር ሳይሆን ዶክመንቴሽን፣ ትርጉም፣ ኢሹ የሚያጣሩ፣ ጥያቄ የሚመልሱ ሰዎች ሁሉ ተካተው እንደገና ተሰራ፣ ራሳቸው ሰዎቹ "እገሌ ቀርቷል" እያሉ ሞሉት። በዛ ዝርዝር ምክንያት ጥላን ሄዳ የነበረችው ልጅም ተመለሰች ግን ወዲያው አደለም፣ ጊዜ ፈጅቷል፣ ይቅርታውም በአደባባይ ነበር መጠየቅ የነበረበት፣ የተጠየቀውም በአደባባይ ነው። እናንተ ይሄን ሂደት ስትጀምሩ የመጀመሪያውን ስብሰባ ስታስቡ፣ የመጀመሪያ ስብሰባ አታድርጉ፣ የመጀመሪያ ጽሁፍ አውጡ። በድምጽ የተወራ ነገር ተኝቶ የነበረውን፣ ሌላ ሰአት አቆጣጠር ላይ ያለውን፣ እንግሊዝኛ መናገር የሚያፍረውን ሰው ሁሉ ያስቀራል።

ከዛ የኮዱን ዘር ማንዘር መቁጠር መጣ። ከላይ ኮዱ ቀላል ነው ያልኩት ማንሳቱ ነው፣ ማን ጻፈው የሚለው ግን ጊዜ ይበላል። ፋውንዴሽኑ አፓቼ 2.0 ይፈልግ ነበር፣ የኛ አብዛኛው ብዙ ግዴታ በሌለበት በኤምአይቲ ላይሰንስ ነው፣ እሱ ችግር የለውም፣ የድሮውን ማስታወቂያ እንዳለ ይዞ መቀጠል ይቻላል። አንድ ሞጁል ግን ገና ድሮ በጂፒኤል (የተሻሻለው ሲሰራጭ በዛው ላይሰንስ እንዲሆን በሚያስገድደው) ነበር የገባው፣ ያኔ ማንም ልብ አላለውም። ለዛ የጻፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው። ኢሜይላቸው የሞተ አለ፣ ስራ የቀየረ አለ፣ አንድ ሰው በሶስት ስም ኮሚት ያደረገ አለ (የአንድን ሰው የተለያዩ ስሞችና ኢሜይሎች የሚያገናኘውን ሜይልማፕ ፋይል አሁኑኑ ስሩ፣ ዛሬ)። ከሁሉም ያላሰብነው ደግሞ "እኔ ደስ ይለኛል፣ ግን በስራ ሰአት ስለጻፍኩት ኮዱ የመስሪያ ቤቴ ነው" የሚል መልስ ነው፣ ያኔ የሰውዬው ፊርማ ብቻ አይበቃም፣ የቀጣሪው ወረቀት ያስፈልጋል።

አንድ ሰው እምቢ አለ፣ መብቱ ነው፣ ምክንያቱንም በጨዋነት ነገረን። አንዱ ደግሞ ፈጽሞ አልተገኘም። "ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው" የሚል ሀሳብ ከመሀላችን ተነስቶ ነበር፣ ተዉት እሱን። የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያመሰጥረው ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል በ2017 ላይሰንሱን ለመቀየር ሲነሳ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል የሚል ነገር ኢሜይሉ ላይ ስለነበረ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፣ በአፓቼ ላይሰንስ የወጣው 3.0 ራሱ የተለቀቀው በ2021 ነው። ባጭሩ እኛ ያን ሞጁል ድሮ ኮዱን አይቶት በማያውቅ ሰው፣ ከዶክመንቴሽኑና ከቴስቱ ብቻ ተነስቶ እንደ አዲስ አስጻፍነው። ፈጥኖ ያልቃል ብለን ያሰብነው አልነበረም ግን ከጭቅጭቁ ይሻል ነበር፣ እውነት ለመናገር አዲሱ ከድሮው ይሻላል።

ከስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ሳይት) የተቀዳ ቁራጭ ኮድም ተገኝቷል፣ እዛ ያለው ጽሁፍ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ሼር አላይክ (ተቀይሮ ሲወጣም በዛው ላይሰንስ ይሁን የሚል) ላይሰንስ ስር እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ትንሽ ነገር ነበረች፣ ተጻፈች አለቀች። ለወደፊቱ ግን ዲሲኦ የሚባለውን ጀመርን፣ ሊኑክስ ከርነል በ2004 ያመጣው ነው፣ እያንዳንዱ ኮሚት ስር "ይሄን የማስገባት መብት አለኝ" የምትል አንዲት የፊርማ መስመር። ረጅም ውል ከማስፈረም በጣም ይቀላል። ፕሮጀክታችሁ ገና ትንሽ ከሆነም፣ የመዛወር ሀሳብ ባይኖራችሁም፣ ይቺን መስመር ከአሁኑ ጀምሯት።

ስሙ። ስሙ ነው የገደለን። ስሙና ሎጎው በኩባንያው ስም ትሬድማርክ ተደርጎ ተመዝግቦ ነበር፣ ማንም በተንኮል አላስመዘገበውም፣ ያኔ የነበረ ሰራተኛ "ሌላ ሰው እንዳይወስደው" ብሎ ያደረገው ነው። እንዲህ አይነት ስጋትም ከባዶ አይነሳም፣ ሊኑክስ የሚለውን ስም እንኳን በ1990ዎቹ ከፕሮጀክቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው አሜሪካ ውስጥ አስመዝግቦት ነበር፣ ከክርክር በኋላ በ1997 ነው ወደ ሊኑክስ መስራቹ ሊነስ ቶርቫልድስ የዞረው። የኛ ኩባንያ ግን አለቃ ሲቀየር ስሙ ድንገት እንደ ንብረት መታየት ጀመረ። "ኮዱን ውሰዱ፣ ስሙን በፈቃድ እንስጣችሁ" አሉ። ፋውንዴሽኑ ደግሞ ስም ካልመጣ አልቀበልም አለ፣ ልክም ነበር፣ ስሙ ሌላ ሰው እጅ ያለ ፕሮጀክት ነገ ተነስተው "ስማችንን አትጠቀሙ" ቢሉት ምን ይሆናል?

የተፈታው በጠበቃ አልነበረም። ኩባንያው ፕሮጀክቱን ለምን እንደሚፈልገው ቁጭ ብለን ስናወራ ዋናው ስጋታቸው የሚሸጡት ምርት ስም ውስጥ የኛ ስም መኖሩ ነው። ስሙ ወደ ፋውንዴሽኑ ከሄደ ምርታችንን ስም ቀይሩ ይሉናል ብለው ነው የፈሩት። ይሄ ሲታወቅ ነገሩ በአንድ አንቀጽ አለቀ፣ ስሙ ወደ ፋውንዴሽኑ ይሄዳል፣ ኩባንያው ያሁኑን የምርት ስሙን ይዞ ይቀጥላል፣ አዲስ ምርት ካወጣ ግን እንደ ማንም ሰው ያስፈቅዳል። ለወራት ሰው ያስጨነቀው ነገር እቺ ነበረች። ስለዚህ እባካችሁ፣ አንድ ወገን ስም አልሰጥም ሲል ስግብግብ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ምን እንዳስፈራው ጠይቁት። ደግሞም ስሙ በወረቀት ሳይዞር "ተዛወርን" ብላችሁ በአደባባይ አታውጁ፣ ካወጃችሁ በኋላ የመደራደር ጉልበት የላችሁም፣ ሁሉም ሰው እናንተ ወደ ኋላ መመለስ እንደማትችሉ ያውቃል።

አካውንቶቹን በተመለከተ ዝርዝር ነው የሚያስፈልገው፣ ሌላ ብልሃት የለውም። ማን ምን ይዟል፣ በየትኛው ኢሜይል ተከፍቷል፣ ፓስወርዱ ሲጠፋ መልሶ ማግኛው ወዴት ይሄዳል። የመጨረሻዋን ጥያቄ በደንብ አስምሩባት። የኛ ግማሹ አካውንት የተከፈተው በፕሮጀክቱ ዶሜይን ኢሜይል ነው፣ ዶሜይኑ ሲዛወር የዲኤንኤስ ሴቲንጉ (ዶሜይኑ ወዴት እንደሚመራ የሚወስነው) ቢሳሳት ኢሜይሉ ይቆማል፣ ኢሜይሉ ከቆመ የሌሎቹ ሁሉ መልሶ ማግኛ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ አካውንቶቹን፣ ዶሜይኑን በመጨረሻ። ዶሜይን አዲስ ከተመዘገበ ወይ ከአንዱ ሬጅስትራር (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ወደ ሌላው ከተዛወረ በኋላ ብዙ ጊዜ ለ60 ቀን ስለሚቆለፍ ፕሮግራማችሁን ስታወጡ እሱን አስገቡበት።

ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ሳይት) ላይ ሪፖ (የኮዱን ማከማቻ) ወደ ሌላ ኦርጋናይዜሽን ስታዛውሩ የድሮው ሊንክ ራሱ ወደ አዲሱ ይመራል፣ ኢሹውም ኮከቡም አብሮ ይሄዳል፣ ደስ ይላል። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፣ በድሮው አድራሻ ላይ በዛው ስም ሌላ ሪፖ ከተከፈተ መምራቱ ይቆማል፣ በጊትሃብ ፔጅስ የተሰራ ዌብሳይት ካላችሁ ደግሞ የሱ አድራሻ አይመራም። ዶከር ሃብ ላይ ያለው ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የሚወርድ የሶፍትዌር ጥቅል) ስሙ ስለማይቀየር አዲስ ቦታ እያወጣችሁ ድሮ ቦታም ለተወሰነ ጊዜ ማውጣት ነው። የመፈረሚያ ቁልፍ ከቀየራችሁ የድሮውን ፐብሊክ ቁልፍ አታጥፉት፣ የድሮ ሪሊዝ የሚያረጋግጥ ሰው አለ። ሲአይ (ኮዱን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ ሲስተም) ውስጥ የተቀመጡ ሚስጥራዊ ቶከኖች (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግሉ) ከሪፖው ጋር ሄደው ይሰራሉ ብላችሁ አትተኙ፣ ሁሉንም አዲስ አውጡ፣ አሮጌዎቹን ሰርዙ፣ የወጡ የድሮ ሰራተኞች ቶከን እዛ ውስጥ እንዳለ ታያላችሁ፣ እኛ አይተናል። እና ሪሊዝ ሊያደርጉ የሚችሉ ቢያንስ ሶስት ሰዎች ይኑሩ፣ አንድ መስሪያ ቤት የሚሰሩ ያልሆኑ።

ስለ አስተዳደሩ ትንሽ ልበል፣ እዚህ ጋ ስሜት አለበት። መስራቹ ለአመታት "እሺ" ወይ "እምቢ" ሲል ነገር የሚያልቅለት ሰው ነበር፣ ከተዛወርን በኋላ አንድ ድምጽ ብቻ ሆነ። በሀሳብ ሲስማማበት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ድምጽ ላይ ሲሸነፍ ግን ዝም አለ፣ ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ፣ እኛም ትተነው ሄደ ብለን ነበር። ተመልሶ ሲመጣ የነገረኝ ነገር ቢኖር እንቅልፍ መተኛት መጀመሩን ነው፣ ሌላ ምንም አላለም። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መስራች ጊዶ ቫን ሮስም በ2018 ከመጨረሻ ወሳኝነት ሲወርድ ማህበረሰቡ የሚመራበትን መንገድ ራሱ መርጦ በ2019 አምስት ሰዎች ያሉበት ካውንስል ተመርጧል፣ እዛ ካውንስል ውስጥ ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት ሰው በላይ መሆን አይቻልም። ይቺን ህግ እኛም በራሳችን መጠን አድርገን ወስደናታል፣ ኩባንያው መጀመሪያ ቅር ቢለውም በኋላ ተፎካካሪዎቹ ኮድ መላክ ሲጀምሩ ጥቅሟ ገብቶታል።

ድምጽ አሰጣጡ ላይ የአፓቼን አይነት ልመዱ፣ ጥሩ ነው። ሪሊዝ ለማውጣት ቢያንስ ሶስት +1 (የድጋፍ ድምጽ)፣ ተቃዋሚው ከደጋፊው ካነሰ ይወጣል፣ ማንም ብቻውን ሊያግደው አይችልም። ኮድ ለውጥ ላይ ግን አንድ -1 (የተቃውሞ ድምጽ) ከነቴክኒካዊ ምክንያቱ ያግዳል። ድምጹም ቢያንስ ለ72 ሰአት ክፍት ይሆናል፣ ሰው ከየትም የሰአት አቆጣጠር እንዲደርስ። ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ድምጽ አትጥሩ ታዲያ፣ "ተቃውሞ ከሌለ ቀጥያለሁ" ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን እኛ በአንድ የስክሪን አዝራር ቀለም ላይ ሁሉ ድምጽ ሰጥተናል፣ ሰው ሰለቸው።

ከገባን በኋላ የጠበቅነውና የሆነው ትንሽ ይለያያል። ፋውንዴሽን ኮድ አይጽፍላችሁም። ኢሹ አይመልስም። አዲስ ኮንትሪቢውተር በሰልፍ አይመጣም፣ እንዲያውም በዝውውሩ ሰሞን ሪሊዝ ዘግይቶ ስለነበር የሄዱብን ሰዎች አሉ። በ2024 ኤክስዜድ የሚባለው ትንሽ ላይብረሪ ውስጥ ተደብቆ የገባው ባክዶር (ስውር መግቢያ) ሲገኝ ብዙ ሰው "ፋውንዴሽን ስር ቢሆን ኖሮ" ሲል ሰምቻለሁ፣ እኔ በዛ ልክ እርግጠኛ አደለሁም፣ እዛ የደከመ አንድ ሜንቴይነር ነበር፣ እምነቱን ቀስ በቀስ አግኝቶ ባክዶሩን ያስገባ ሰው ደግሞ ነበር፣ ፋውንዴሽን ስርም የደከመ ሜንቴይነር አለ። የሚሰጣችሁ ነገር ሌላ ነው። ጠበቃ ሲጽፍባችሁ የሚመልስ ሰው አለ። የሴኪውሪቲ ሪፖርት የሚቀበል አድራሻ አለ። ገንዘብ በግለሰብ አካውንት አይገባም፣ ታክሱን ማን ይክፈለው የሚል ጣጣ የለም። ድሮ "አንድ ሰው ነው የያዘው" ብለው ይፈሩን የነበሩ ትልልቅ ተጠቃሚዎች መሀንዲሶቻቸውን በስራ ሰአት እንዲሰሩ ፈቀዱ፣ ለኛ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነበር፣ ሁለቱ አሁን ኮሚተር ናቸው።

እየተዛወራችሁ ከሆነ ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ የዝውውሩን ስራ የሚከታተል አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመደብ፣ ያ ሰው በዛን ጊዜ ኮድ አይጠበቅበት። እኔ ነበርኩ የተመደብኩት፣ ሁለቱንም ለመስራት ሞክሬ ሁለቱም ተንዘላዘለ። ትልልቆቹ ነገሮች ካለቁ በኋላ ደግሞ ቁርጥራጩ ለረጅም ጊዜ አያልቅም፣ የሆነ ዶክመንት ውስጥ የድሮ ሊንክ፣ የሆነ ቦታ የድሮ ኩባንያ ስም ያለበት ኮፒራይት መስመር፣ ማንም የማያስታውሰው የትርጉም ፕላትፎርም አካውንት። የድሮውን ዶሜይን ክፍያ አታቋርጡ። ሰዎች ለአመታት ይገቡበታል፣ ሌላ ሰው ከገዛው ደግሞ በናንተ ስም የፈለገውን ማስጫን ይችላል። የኛ በፋውንዴሽኑ ስም በየአመቱ ይታደሳል፣ ከዛ ወደ አዲሱ ይመራል፣ ሎጉን ሳየው አሁንም በቀን ብዙ ሰው ይመጣበታል።